ከጎን የበራው ፍላሽ

ንቦቼ መሞት የጀመሩት በጥር ነው። መጀመሪያ ከቀፎው አፍ ሥር አሥር አሥራ አምስት ሆነው ወድቀው አገኘሁ፤ ዕድሜያቸውን ጨርሰው ነው ብዬ ጠረግኋቸው። በሳምንቱ በእፍኝ የሚታፈሱ ሆኑ። ወሩ ሲያልቅ በአካፋ ነበር የማነሳቸው። ከአሥራ አንድ ቀፎ ስምንቱ ባዶውን ቀረ።

ቤቴ ከዘንዘልማ ወደ ሐይቁ ሲወረድ፣ አዲሶቹ የቆርቆሮ ቤቶች የሚያልቁበት ጋ ነው። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ እነዚህን ቀፎዎች ይዤ ነው የሰው ፊት ሳላይ የኖርሁት። ከአጥሬ በታች ጣና ክረምት ሞልቶ በጋ ሲመለስ የሚለቀው መሬት አለ፣ ባሕር ሸሽ እንለዋለን። እሱን የሚያለማው ጎረቤቴ ወልደ ገብርኤል ነው። ውሃ በሞተር እየሳበ ቲማቲምና ሽንኩርት ይተክላል። ቲማቲም ደግሞ ያለ መርጨት አይሆንም። ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ ያን ሰማያዊ መርጫውን አዝሎ በመስመሩ መሐል ሲሄድ አየዋለሁ። ንብ የምትወጣውም በዚያው ሰዓት ነው።

እንግዲህ ሌላ ማንን ልጠርጥር?

አጥሩ ጋ ቆሜ ጠራሁት። "ወልዴ፣ ንቦቼን ፈጀሃቸው" አልሁት።

"እትዬ የሺ፣ እኔ አልነካኋቸውም። ጠዋት የምታዪኝ የሳሙና ውሃ ስረጭ ነው። መድኃኒቱን የምረጨው አመሻሽ ላይ ነው፣ ንብ ከገባች በኋላ።"

"የሳሙና ውሃ! እንግዲያ ንቦቼ ታጥበው ነዋ የሞቱ!"

"እውነቴን ነው።"

"በንጽሕና ነው የሞቱ በለኛ!"

መርጫውን አዝሎ ወደ ማሳው ተመለሰ። መሄዱን እንደ ማመን ቆጠርሁት። ሰዉ የሺአረግ ደረቅ ናት ይላል፤ አልዋሸም። አንድ ጊዜ ልቤ ከገባ ነገር በሬ አይጎትተኝም።

የሱን መርጫማ ከመጀመሪያውም አላምነውም ነበር። ንቦቼ ውሃ ፍለጋ በሱ ማሳ አቋርጠው ወደ ሐይቁ እንዳይወርዱ ብዬ ገና በታኅሣሥ ውሃ ማጠጫ አበጅቼላቸዋለሁ። በየጠዋቱ ንጹሕ ውሃ እሞላለሁ። ሞቱ ሲበረታባቸው ጠዋትም ማታም መሙላት ጀመርሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ? ቀበሌ ሄድሁ፣ ባለሙያ ይላካል አሉኝ፤ መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ማንም ሳይመጣ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ወደ አባ ኃይለ ገብርኤል የሄድሁት። ግዝት ፈልጌ።

አባ የደብራችን አስተዳዳሪ ናቸው፣ የአብዛኛው ሰፈር ሰው የንስሐ አባትም እሳቸው ናቸው። አፀዱ ውስጥ ወንበራቸው ላይ ሆነው አዳመጡኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የሺአረግ፣ ግዝት የሚጣለው አድራጊው ላልታወቀ ነገር ነው። አንቺ ደግሞ አድራጊውን አውቄዋለሁ እያልሽ ነው።"

"ካወቅሁትማ ምን ያስፈራዎታል አባ? ያላደረገውን አይነካውም።"

"ግዝት ስም አይጠራም። ከአፌ ከወጣ በኋላ የት እንደሚያርፍ እኔም አላዝዘውም።"

"ይረፍ! ያረፈበት ላይ ይረፍ!"

"አንቺ ሴት" አሉኝ፣ "ወንድ ሆነሽ ጵጵስና ደርሶሽ ቢሆን አገሩን ሁሉ አውግዘሽ ብቻሽን ትቀሪ ነበር።"

ሦስት ጊዜ መለሱኝ፤ አራት ጊዜ ሄድሁ። በመጨረሻ ሰለቹኝ መሰል፣ ጾም ሊገባ አንድ ቀን በቀረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። "የየሺአረግን ንቦች የፈጀ፣ ያስፈጀ፣ አይቶም የደበቀ፣ ወጥቶ እስኪናገር ውጉዝ ከመ አርዮስ ይሁን" አሉ። ሕዝቡ አሜን ብሎ አንገቱን ደፋ። እኔ አልደፋሁም። ዓይኔ ወልደ ገብርኤል ላይ ነበር። እሱ ዛፍ ተደግፎ፣ ነጠላውን እስከ አፉ ሸፍኖ፣ እሱም አሜን አለ። ድፍረቱ አንጀቴን አቃጠለው።

በመጋቢት አጋማሽ ሚስቱ ፀሐይወርቅ ወለደች። የመጀመሪያ ልጃቸው ነበር። ሳይተነፍስ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ የተናገረውን መገመት አያስቸግርም። እኔ ግን የሌላውን ትቼ የራሴን ነው የምናገረው። ቧንቧው ጋ ተሰልፈን ሳለ ሴቶቹ በሹክሹክታ ሲያወሩ፣ እኔ ጮክ ብዬ "እንግዲህ ግዝቱ ቤቱን አገኘ" አልሁ። ማንም አላስባለኝም። ሰው ሁሉ ሄዶ ሲጠይቃት እኔ አልሄድሁም። ደጃቸው ከደጄ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው።

እሱ አሁንም አላደረግሁም እንዳለ ነው። ቤተ ክርስቲያን መምጣቱን ግን ተወ። ሽማግሎቹ ነገሩ ከዚህ በላይ ሳይከፋ ይለቅ ብለው፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሁለተኛው እሑድ አፀዱ ውስጥ ሊቀመጡ ወሰኑ። ወይ ይመን፣ ወይ መስቀል ይዞ ይማል። የሽማግሎቹ አውራ አቶ አምሐ ወደ ቤቴ መጥተው "ቃል ብቻ ይዘሽ እንዳትመጪ፤ የሚታይ ነገር ካለሽ አምጪ" አሉኝ።

የሚታይ ነገር! የሞተ ንብ እንጂ ምን አለኝ?

የእህቴ ልጅ ሲና ለፋሲካ ልትጠይቀኝ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ባሕር ዳር ፎቶ ቤት ትሠራለች፤ ሠርግ፣ ክርስትና፣ ምርቃት ታነሳለች። እሷ ግን ልቧ ያለው ሌላ ጋ ነው። ሰው የምታነሳው ለሆዷ ነው፤ ለደስታዋ የምታነሳው ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ላይ ያለ ተርብ ነው። ቅርብ ለቅርብ ሆና፣ በሆዷ ተኝታ። በበዓሉ ማግስት መንገድ ተዘጋና ሚኒባስ ጠፋ፣ እኔ ጋ ቀረች።

"ሲና፣ የሞቱትን ንቦቼን አንሺልኝ" አልኋት።

"የሞተ አልወድም አክስቴ።"

"እኔስ የወደድሁት ይመስልሻል?"

ሦስት ንብ በወረቀት ላይ አምጥቼ ከግቢዬ ዋርካ ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጥሁላት። ካሜራዋን አወጣች። የካሜራዋ አፍ ላይ ክርን የሚያህል ሌንስ አለ። መብራቱን ካሜራው አናት ላይ ሰክታ አንድ ጊዜ ብልጭ አደረገችና አሳየችኝ። መታወቂያ ፎቶ በሉት። ንቧ ፊቷ ላይ ቧ ብሎ በርቶባት፣ ጠፍጣፋ ሆና፣ የተቆላ ሽምብራ መስላ።

"ይህን ይዤ ሽማግሌ ፊት ብቀርብ ቁርስ አመጣችልን ነው የሚሉ" አልሁ።

ሳቀች። "ቆይ። ብርሃን ከፊት ሲመጣ ሁሉን ነገር ይደፍነዋል። ከጎን ሲመጣ ነው ጉብታውም ጎድጓዳውም የሚለይ።" መብራቱን ከካሜራው አናት ላይ ነቅላ እጄ ላይ አኖረችው። በቦታው ክብሪት ቤት የምታህል ጥቁር ነገር ሰካች። "አንቺ ፍላሹን ትይዢልኛለሽ፣ እኔ አነሳለሁ።"

"ገመዱስ?"

"ገመድ የለውም። ይቺ ትንሿ በሬዲዮ ትጠራዋለች፣ እሱ አቤት ብሎ ይበራል።"

አላመንኋትም። ፍላሹን ይዤ ከቤቱ ጀርባ ዞርሁ። "በይ ጥሪው!" ብዬ ጮህሁ። እጄ ላይ ብልጭ አለ። ዶሮዎቹ በረገጉ። ሰው እንዲህ ቶሎ አቤት የሚል ቢሆን አገር ሰላም ነበር።

ብርሃኑ እንዲለሰልስ የነጠላዬን ጫፍ ሁለት እጥፍ አድርጋ ፊቱ ላይ አሰረችልኝ። ከዚያ ማዘዝ ነው። "ወደ ግራ። ዝቅ። አሁንም ዝቅ። እጅሽ አይንቀጥቀጥ!" እኔን በሕይወቴ እንዲህ ያዘዘኝ የለም፤ ባሌም ቢሆን። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ። ከዚያ ያነሳችውን አሳየችኝ።

ሠላሳ ዓመት ንብ ይዤ ንብ አላየሁም ነበር ማለት ነው። የጀርባዋ ፀጉር አንድ በአንድ ተቆጥሮ ይታያል። ክንፏ ላይ ጅማት አለ። ከአፏ ደግሞ ቀይ ቡኒ ክር የመሰለ ነገር ተዘርግቶ ወጥቷል። ሦስቱም እንደዚያው ናቸው።

"ምላሷ ነው" አለች ሲና፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። "ንብ ማንሳት ስጀምር አንብቤያለሁ። ምላሷን አውጥታ የሞተች ንብ ብዙ ጊዜ መርዝ የነካት ናት።"

እኔ የሰማሁት "መርዝ" የሚለውን ብቻ ነው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ያን ቀን ምሳዬ ጣፈጠኝ።

በማግስቱ ፀሐይ ሳትወጣ ቀሰቀስኋት። "ውሃቸውንም አንሺልኝ" አልሁ።

"ማስረጃው ይበቃል እኮ አክስቴ።"

"አይበቃም። እሱ ሲገድል እኔ እንዴት ስንከባከብ እንደኖርሁ ይዩልኝ። ከሞት የተረፉት ሲጠጡ አንሺ።"

ማጠጫው ነጭ ጀሪካን ነው። ታኅሣሥ ላይ ከሐሙሲት ገበያ የገዛሁት፤ ሻጩ ዘይት የነበረበት ነው ብሎኛል። በአመድና በሎሚ ሁለት ቀን አጥቤ፣ በጎኑ አስተኝቼ፣ ላዩን በቢላ ከፍቼ ገንዳ አድርጌዋለሁ፤ ንብ እንዳትሰጥም ጠጠር ጨምሬበታለሁ። ከዋርካው ሥር ጥላ ውስጥ ነው። ሲና በሆዷ ተኛች። ንብ መጣች፣ በገንዳው የውጭ ጎን ላይ አረፈችና ወደ ላይ መውጣት ጀመረች።

"ፍላሹን መሬት አስነኪው" አለችኝ። "ከጎን፣ ፕላስቲኩን ታክኮ ይምጣ። እንደዚያ። ያዢ!"

ብልጭ። ሌላ ንብ። ብልጭ። ከዚያ ያነሳችውን ልታይ ቁጢጥ አለች። ጣቷን የካሜራው መስታወት ላይ አደረገች።

"አክስቴ፣ ይህ ምንድን ነው?"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ንቧ አለች፣ የጠራች። ከኋላዋ ነጩ ፕላስቲክ ላይ ግን ሌላ ነገር አለ። ክብ ነገር፣ ሁለት ጉድጓድ ያለው። ከሥሩ እንደ መስቀለኛ የተጋደመ። ላዩ በቢላ የተፋቀ ይመስላል፣ ግን አልጠፋም። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርት ያቆምሁት፤ የፈረንጅ ፊደል ብዙም አልለይም። ይህን ምልክት ግን ማንም ያውቀዋል። መብራት ኃይል ትራንስፎርመሩ ላይ የሚለጥፈው፣ የሰው ራስ ቅልና ሁለት አጥንት ነው።

ጀሪካኑን በዓይኔ አየሁት። ምንም የለውም። ነጭ በነጭ። በእጄ ዳሰስሁት፤ የእኔ መዳፍ ከአካፋና ከሰም የኖረ ነው፣ አልነገረኝም። "ድገሚው" አልሁ። ደገመችው። ያው ነው። "ከዚህ በኩል!" ፍላሹን አዞርሁት። ጥላው ተገለበጠ፤ ቅሉ ግን እዚያው ነው።

ሲና እጀታውን ነካ ነካ አደረገች። "ይህ ውስጡ ክፍት ነው?"

የጀሪካን እጀታ ውስጡ ቀዳዳ ነው፤ እኔ ሳጥብ እዚያ አልደረስሁም። ቢላ አምጥቼ ሰነጠቅሁት። ከውስጡ የደረቀ ሙጫ የመሰለ ቢጫ ነገር ተጋግሮ አለ። ውሃው የሚደርስበት ጫፍ ላይ ያለው እርጥብ ነው። ሽታው አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ።

በየጠዋቱ የምሞላው ውሃ ይቺን ትንሽ በትንሽ ሲያሟሟ ኖሯል። ሲሞቱብኝ ደግሞ ጠዋትም ማታም ሞላሁላቸው።

ከጠጠሮቹ ላይ አራት ንቦች ተቀምጠው እየጠጡ ነበር። በእጄ አባረርኋቸው። አንዷ ነደፈችኝ። ውሃውን ጉድጓድ ቆፍሬ ደፋሁት፣ አፈር መለስሁበት፣ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

"ይህ ፎቶ ይጠፋል?" አልሁ።

ሲና አየችኝ። "ይጠፋል። ልሰርዘው?"

ከእሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ምላሷ የወጣውን ንብ ይዤ እሑድ ብቀርብ ሽማግሎቹ ይፈርዱልኛል። እሱ ይምላል፣ ሰው አያምነውም፣ ነገሩ ያልቃል። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ አላሰብሁም ብዬ አልዋሽም። ዓይኔ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ እነሱ ቤት ሄደ። ፀሐይወርቅ ደጅ ወጥታ የታጠበ ነገር ስታሰጣ አየሁ። ትንንሽ ጨርቅ ነው። ማን እንዲለብሰው እንዳጠበችው አላውቅም።

"ተይው" አልኋት። "አትሰርዢው።"

ከሰዓት በኋላ አባ ዘንድ ሄድሁ። ፕላስቲኩን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልዬ ይዣለሁ።

"አባ፣ የግዝቱን ባለቤት አገኘሁት።"

"ማን ሆነ?"

"እኔ።"

ሁሉንም ነገርኋቸው። መቁጠሪያቸውን ያዙ እንጂ አልቆጠሩም።

"የሐሙሲቱ ነጋዴ ነው አባ! ምልክቱን ፍቆ የሸጠልኝ እሱ ነው!"

"የፋቀው ድርሻውን ያገኛል። የሱን ለሱ ተይለት።"

"እኔ እኮ ሳላውቅ ነው።"

"ንቦቹን ሳታውቂ ነው" አሉኝ። "ሰውየውንስ ሳታውቂ ነው ያደረግሽው?"

የከረጢቱን አፍ ፈትቼ መልሼ አሰርሁት።

"ልጁስ አባ?" አልሁ። "ልጁ በግዝቱ ነው የሞተ?"

"ግዝቱ አንቺን አልፎ እሱ ቤት የሚገባበት ምን ምክንያት አለው? ልጁ እንደ ብዙ ሕፃናት ነው የሞተ። ሰው ግን እንደዚያ አላለም። አንቺም አላልሽም።" ተነሡ። "ግዝቱን የሰማው ሕዝብ ፊት ነው የሚፈታ። እሑድ ትናገሪያለሽ።"

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሎቹ ዛፉ ሥር ድንጋያቸው ላይ ተቀመጡ፤ ሰዉ ዙሪያውን ቆመ። ወልደ ገብርኤልም መጣ፣ ብቻውን፤ ከስቷል። ገና አቶ አምሐ ነገሩን ሳይከፍቱ ተነሣሁ።

"ንቦቼን የገደልሁ እኔ ነኝ" አልሁ።

መጀመሪያ ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ጀሪካኑን አወጣሁና ተናገርሁ፤ ከሐሙሲት እስከ እጀታው። ጀሪካኑ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቀን ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ማንም ምንም አላየም።

"ነጭ ጀሪካን ነው እኮ" አለ አንዱ።

ሲና ፎቶውን በካሜራዋ አሳየቻቸው። "ዛሬ በስልክ የሞተ ሰው ያስጨፍራሉ፤ ፎቶ ምን ይታመናል" አለ ሌላው። ከኋላ አንዲት ሴት "አስታርቀዋቸው ነው፤ እሱ ሳይለምናት አልቀረም" ስትል ሰማሁ። ወልደ ገብርኤል መሬት መሬት ያያል። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሰዉ የወደደው ግዝቱን ነው። ግዝቱ ሕፃን ገደለ የሚለው ወሬ ከአንድ የቆሸሸ ጀሪካን ይልቅ ይጥመዋል። እኔ ነኝ ያበሰልሁላቸው።

ድርቅናዬ መጣብኝ። "ጋቢ አምጡ!" አልሁ።

"ምን ልትሠሪ?"

"አምጡ ነው የምላችሁ!"

የአቶ አምሐን ጋቢ ከትከሻቸው ገፍፌ፣ ፕላስቲኩን ድንጋይ ላይ አድርጌ፣ "ይግቡ" አልኋቸው። ሁለታችንም ጋቢው ውስጥ ተሸፈንን። ጨለማ ሆነ። ፍላሹን ታክኮ ያዝሁ። "ሲና፣ ጥሪው!"

ብልጭ።

"ዓይኔን አጠፋሽኝ!" አሉ አቶ አምሐ።

"አዩ?"

"ምን አያለሁ፣ ኮከብ ነው ያየሁ!"

"ይደገም! መብራቱን አይዩ፣ ጀሪካኑን ይዩ!"

ብልጭ። ወደ ጀሪካኑ ጎንበስ አሉ። ብልጭ። "በስመ አብ" አሉ በቀስታ። ሲወጡ ዓይናቸውን እያሹ ነበር። "የሰው ራስ ነው። ቀጥሉ፣ ግቡና እዩ" አሉ።

አንድ በአንድ አስገባኋቸው። አላየሁም ያለውን ሁለቴ ሦስቴ። ያችን ከኋላ የተናገረችውን ሴት በእጇ ጎትቼ አስገባኋት። ሁለት ሰዓት ያህል ቆየን፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ሲና ለወጠችው። ያየ ሰው ሲወጣ እኔን አያየኝም፤ እሱንም አያየውም፤ ጫማውን ነው የሚያይ።

መጨረሻ ላይ ወልደ ገብርኤል ቀረ። "ግባ" አልሁት።

"እኔ ምን አያለሁ እትዬ የሺ?" አለ። "እኔ እኮ አለማድረጌን ድሮም አውቅ ነበር።"

ጋቢውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አባ መጡ፣ አንበረከኩኝ፣ ግዝቱን ፈቱ። "ይፍታሽ" ሲሉኝ ትከሻዬ ላይ ያረፈው መስቀል ከበደኝ እንጂ አልቀለለኝም። ስነሣ ወልደ ገብርኤል አጠገቤ ቆሟል።

"ለኔ አይደለም የሚያስፈልግ" አለኝ። "ሂጂና ለሷ አሳዪያት።"

ሃምሳ እርምጃውን ሄድሁ። ሲና ከኋላዬ ነበረች፣ እሱ ደግሞ ከሷ ኋላ። እሱ ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ አልፎ አልገባም።

ፀሐይወርቅ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ግቢ አላለችኝም፤ ገባሁ። የሆነውን ሁሉ ቆሜ ነገርኋት። ፊቷ አልተለወጠም። ሲና ፍላሹን ልታዘጋጅ ስትል "አያስፈልግም፣ ስጪኝ" አለች፤ ጀሪካኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቷ ጫፍ መዳሰስ ጀመረች።

"የት ጋ ነው?"

"ትንሽ ወደ ግራ።"

ጣቷ ቆመ። ክቡን ዞረው፤ ሁለቱ ጉድጓዶች ጋ ቆየ፤ ወደ አጥንቶቹ ወረደ። እኔ በሻካራ እጄ ያጣሁትን እሷ በአንድ ጣት አገኘችው።

"ልጁን ከቀበርን ጀምሮ አላናገርሁትም" አለች።

"ማንን?" አልሁ፣ እያወቅሁ።

"አላደረግሁም ሲለኝ 'በልጅህ ማልልኝ' አልሁት። 'በየትኛው ልጄ?' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ምግቡን አስቀምጥለታለሁ፣ እሱም በልቶ ይወጣል።"

"ይቅር በይኝ" አልሁ።

"አንቺን?" ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችኝ። "አንቺን አንድ ቀን እችል ይሆናል። እኔ እሱን ምን ብዬ ነው ይቅር በለኝ የምለው?"

ጀሪካኑን ከጭኗ አንሥታ መለሰችልኝ።

"በይ ሂጂ" አለች።

ሰው ሂጂ ሲለኝ የምሄድ ሴት አይደለሁም። ያን ቀን ግን ሄድሁ።

ወልደ ገብርኤል ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። "አየች?" አለኝ።

"በጣቷ አየች።"

"ምን አለች?"

አፌ ላይ መጣ። ልነግረው ነበር፤ ልቀድምላት፣ እኔው ልጨርሰው። በዚህ በአፌ ስንቱን እንደጨረስሁ አሰብሁና ዋጥሁት።

"ገብተህ እሷን ጠይቃት" አልሁት።

እሺ ለማለት ራሱን ነቀነቀ፣ ግን አልተነሣም። ቤቴ ገብቼ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ሲና ዕቃዋን እየሸከፈች "አክስቴ፣ ተያቸው" አለችኝ። አልተውኋቸውም። ፀሐይዋ ሐይቁን ከሸፈነው እምቦጭ ማዶ እስክትወርድ ቆሜ አየሁ። የቤታቸው በር ክፍት ነው። እሱ ከድንጋዩ አልተነሣም፤ እሷም አልወጣችም።